ከቤኪ መንደር እስከ ላቲን ትምህርት ቤት፦ የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ የተማሪነት ዘመን

ቅድስት ቤተክርስቲያን በየዓመቱ ጃንዋሪ 31 ቀን የምታከብረው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በአገራችን ስሙ አብዝቶ የሚነሣው ከእጅ ሙያ ጋር ተያይዞ ነው። የሳሌዥያን ማኅበር በ1975 ወደ መቀሌ ከመጣ ወዲህ፥ ኋላም በዲላና በዝዋይ በተቋቋሙት ትምህርት ቤቶች ስንት ወጣት ብረት መበየድና እንጨት ማገጣጠም ተምሮ ራሱን እንደ ቻለ ብዙዎቻችን በዐይናችን ያየነው ነው። ነገር ግን ቅዱሱ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ ሲደክምለት የኖረው ትምህርት የእጅ ሙያ አልነበረም፤ የላቲን ቋንቋ ነበር። ይህን ቋንቋ ለመማር ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው፥ ከአንዱ ሰው ደጅ ወደ ሌላው ሰው ደጅ ሲዘዋወር ኖሯል። በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ ደግሞ እጁን ይዞ ያሻገረው ሰው ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህንኑ መንገድ ስለ ሆነ፥ ከሰፊው የሕይወት ታሪኩ የምንተወው ብዙ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዮሐንስ ቦስኮ ኦገስት 16 ቀን 1815 በሰሜን ኢጣሊያ በፒየሞንቴ፥ በካስቴልኑኦቮ ዳስቲ አጠገብ በምትገኘው ቤኪ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለደ። አባቱ አቶ ፍራንቸስኮ በሳንባ ምች ሲሞቱ ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ ወይዘሮ ማርጋሪታ በ29 ዓመታቸው መበለት ሆነው የባላቸውን አሮጊት እናት፥ ባላቸው ከመጀመሪያ ሚስታቸው የወለዱትን አንቶኒዮን፥ እንዲሁም የራሳቸውን ሁለት ልጆች ዮሴፍንና ዮሐንስን ይዘው ቀሩ። ዘመኑም የረሃብ ዘመን ነበር። ወይዘሮ ማርጋሪታ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፤ ይሁን እንጂ ጸሎቱንና ትምህርተ ክርስቶሱን በቃላቸው ስለሚያውቁ ለልጆቻቸው የመጀመሪያዋ መምህርት እርሳቸው ነበሩ። ዮሐንስን ለመጀመሪያው ኑዛዜና ለመጀመሪያው ቅዱስ ቁርባን ያዘጋጁትም እርሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የተገኘው በዘመድ በኩል ነው። በእናቱ የትውልድ መንደር በካፕሪሊዮ አባ ላክዋ የሚባሉ ካህን ልጆችን ያስተምሩ ነበር። ዮሐንስ ግን የሌላ ቀበሌ ልጅ በመሆኑ ቦታ አላገኘም። የእናቱ እኅት ማሪያና በካህኑ ቤት ያገለግሉ ስለ ነበር እርሳቸው ለምነው አስገቡት። በዚያም በክረምት ወራት፥ የእርሻ ሥራ በማይኖርበት ጊዜ፥ ማንበብና መጻፍ ተማረ። በረዶው ሲቀልጥ ትምህርቱ ያበቃል፤ ልጁም ወደ ከብቶቹና ወደ መኮትኮቻው ይመለሳል።

በዚያን ጊዜ በፒየሞንቴ ማንበብ መቻልና መማር አንድ ነገር አልነበሩም። ከፊደል ቤት በኋላ ያለው ትምህርት ቤት በመሠረቱ የላቲን ትምህርት ቤት ነበር። የመሥዋዕተ ቅዳሴው ቋንቋ፥ የካህናቱ የሰዓታት ጸሎት፥ በዘርዐ ክህነት የሚሰጡት የፍልስፍናና የነገረ መለኮት መጻሕፍት ሁሉ በላቲን ነበሩ። ላቲን የማያውቅ የገበሬ ልጅ ምንም ያህል መንፈሳዊ ቢሆን፥ ምንም ያህል ብሩህ አእምሮ ቢኖረው፥ ወደ ክህነት የሚያደርሰው መንገድ ዝግ ነበር። ዮሐንስ በዘጠኝ ዓመቱ ካየው የታወቀ ሕልም ጀምሮ ካህን ለመሆንና ልጆችን ለመሰብሰብ ይመኝ ስለ ነበር የሰዋስው መጽሐፍ በእርሱ ዘንድ የቅንጦት ዕቃ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንቶኒዮ ይመጣል። በብዙ የቅዱሱ ታሪኮች አንቶኒዮ እንደ ክፉ ወንድም ብቻ ተሥሎ ይታያል፤ ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አይመስለንም። አንቶኒዮ ከዮሐንስ በሰባት ዓመት ይበልጣል፤ አባቱን በልጅነቱ አጥቶ ከማረሻው ኋላ የቆመ፥ ያልተማረ ወጣት ነው። በማዕዱ ዙሪያ የሚቀመጡት ብዙ፥ የሚያርሱት እጆች ግን ጥቂት ነበሩ። መጽሐፍ ይዞ የተቀመጠ ወንድም በእርሱ ዐይን ሥራ የሚፈታ ወንድም ነበር። እርሱ መጽሐፍ ሳያይ አድጎ ጠንካራ ሰው እንደ ሆነ እየጠቀሰ ሲዘልፈው፥ ዮሐንስም ያለ ፍርሃት አህያቸውም ትምህርት ቤት ሳትገባ ከእርሱ ይልቅ እንደ ገዘፈች መለሰለት። መልሱ ብልጠት እንጂ ትሕትና አልነበረበትም፤ ያን ዕለትም ልጁ ከዱላ ያመለጠው በእግሩ ሮጦ ነው።

ጠቡ ከቀን ወደ ቀን እየከረረ ስለ ሄደ ወይዘሮ ማርጋሪታ አንድ ከባድ ነገር ወሰኑ። በፌብሩዋሪ 1828፥ በብርዱ ወራት፥ የ12 ዓመት ልጃቸውን በትንሽ ጥቅልል ልብስ ሸኝተው ሥራ እንዲፈልግ ከቤት አወጡት። ዮሐንስ በሞሊያ ቤተሰብ እርሻ ላይ ከብት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፤ በዚያም ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ። ለእናት ልጇን ከቤት ማስወጣት ምን ያህል እንደሚመር የወለደች ታውቀዋለች። ሆኖም ሰላም በሌለበት ቤት ውስጥ ትምህርት እንደማይዘልቅ አይተው ነበር። በኖቬምበር 1829 አጎቱ ሚኬሌ መጥተው ወደ ቤት መለሱት።

በዚያው ወር ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በቡቲሊዬራ የስብከት ቀናት ታውጀው የአካባቢው ምእመናን በብዛት ይሄዱ ነበር። ምሽት ሲመለሱ በሙሪያልዶ ቤተ ጸሎት ለማገልገል በቅርቡ የመጡ አባ ዮሐንስ ካሎሶ የሚባሉ አረጋዊ ካህን ከሕዝቡ መካከል አንድ ባለ ዞማ ጠጉር ልጅ ብቻውን ሲሄድ አዩ። ከስብከቱ ምን እንደ ያዘ ጠየቁት፤ ጥቂት ቃላት እንኳ ቢነግራቸው ሳንቲም ሊሰጡት ቃል ገቡ። ልጁ መጀመሪያውን ስብከት ከመግቢያው እስከ ማጠቃለያው፥ ሁለተኛውንም እንዲሁ በመንገድ ላይ ወጣላቸው። ካህኑ የቤተሰቡን ሁኔታ፥ ምን እንደ ተማረና ለምን መማር እንደሚፈልግ አንድ በአንድ ጠየቁት። በሚቀጥለው እሑድ እናቱን አስጠርተው ልጁን እርሳቸው ራሳቸው እንደሚያስተምሩት ተናገሩ።

ትምህርቱ በላቲን አልጀመረም። ልጁ በቤቱ የሚናገረው የፒየሞንቴ ቋንቋ ስለ ነበር መጀመሪያ የኢጣሊያንኛ ሰዋስው ተማረ፤ በገና ጊዜ የላቲን ሰዋስው ጀመረ፤ በትንሣኤ ጊዜ ከላቲን ወደ ኢጣሊያንኛ፥ ከኢጣሊያንኛም ወደ ላቲን መተርጎም ጀመረ። እንግዲህ ላቲን ለእርሱ ሦስተኛ ቋንቋ ነበር። በቤቱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ እየተናገረ አድጎ፥ በአማርኛ ተምሮ፥ ኋላም በዘርዐ ክህነት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተሰጠው የአገራችን ተማሪ ይህን ድካም በሚገባ ይረዳዋል። መማሪያው ዶናቱስ እየተባለ የሚጠራው ሰዋስው ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው በአራተኛው መቶ ዓመት በሮም ካስተማረው መምህር ነው፤ ይህም መምህር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመውን ቅዱስ ሄሮኒሞስን ያስተማረ ሰው ነበር። በአገራችንም ሊቃውንቱ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፥ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት እየተሻገሩ ግዕዙን ሲማሩ፥ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር እንደ ኖረ ማሰብ ነገሩን ያቀርበዋል። ላቲንም ሆነ ግዕዝ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም፤ መምህር ያስፈልገዋል።

አባ ካሎሶ ያስተማሩት ሰዋስው ብቻ አልነበረም። በየዕለቱ ጥቂት እንዲያስተነትን፥ ከዕድሜው በላይ የሆነውን ተጋድሎ እንዲተው፥ ኑዛዜን እንዲያዘወትር መሩት። አባት የሌለው ልጅ አባት አገኘ። በቤት ግን አንቶኒዮ አሁንም አላረፈም፤ ዮሐንስ ጠዋት ተምሮ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም፥ መጽሐፉን በመንገድ ላይ ቢያነብም፥ የወንድሙ ልብ አልራራም። በመጨረሻ ካህኑ ልጁን ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

ኖቬምበር 21 ቀን 1830 አባ ካሎሶ ሞቱ። ድንገተኛ ሕመም መትቷቸው መናገር ስለ ተሳናቸው፥ ገንዘባቸው ያለበትን ሣጥን ቁልፍ ለዮሐንስ ሰጥተው ለማንም እንዳይሰጠው በምልክት አስረዱት። ለትምህርቱ ያስቀመጡለት እንደ ነበር ግልጽ ነው። ወራሽ ዘመዶቻቸው ሲመጡ ግን የ15 ዓመቱ ልጅ ቁልፉን አስረከበ፤ ከሣጥኑም አንዳች አልወሰደም። ይህን ነገር በልጅነት የዋህነት ብቻ ማለፍ አይገባም። ለዓመታት ሲጠብቀው የነበረው የትምህርት ክፍያ በእጁ ገብቶ ነበረ፤ ምስክር የሌለበትን መብት ይዞ ከሰው ጋር ከመከራከር ግን ከባዶ መጀመርን መረጠ።

ወይዘሮ ማርጋሪታም የበኩላቸውን አደረጉ። የቤተሰቡ ንብረት እንዲከፈል አደረጉ፤ አንቶኒዮ ድርሻውን ይዞ ለብቻው ሆነ። ክፍፍሉ ቀላል አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዮሐንስ ወደ ካስቴልኑኦቮ ትምህርት ቤት ሊገባ ቻለ። መንገዱ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ለምሳ ቤቱ ተመልሶ ከሰዓት በኋላ እንደገና ሲሄድ በቀን ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። ጭቃውና በረዶው ሲበረታ እናቱ ሮቤርቶ በሚባል ልብስ ሰፊ ቤት አሳደሩት፤ በዚያም በትርፍ ጊዜው ቁልፍ መትከልና ልብስ መስፋት ተማረ። ያን ጊዜ ጊዜ ማሳለፊያ የነበረው ሙያ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደ ጠቀመው ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በካስቴልኑኦቮ የመጀመሪያው መምህር አባ ቪራኖ ልጁን ይወድዱትና ያግዙት ነበር። እርሳቸው የሞንዶኒዮ ቁምስና ኃላፊ ሆነው ሲዛወሩ ግን የተተኩት አረጋዊ መምህር ክፍሉን መቆጣጠር የማይችሉ፥ ከቤኪ የመጣ ልጅም ላቲን ሊያውቅ ይችላል ብለው የማያምኑ ሆኑ። ዮሐንስ ከክፍሉ ከፍ ያለውን የትርጉም ፈተና ለመሥራት ሲለምን ሣቁበት፤ ሠርቶ ሲያቀርብ ደግሞ ሳያዩት ወደ ጎን አኖሩት፤ የክፍል ጓደኞቹ ሲጎተጉቷቸው ተመልክተው ከሌላ የገለበጠው ነው ብለው ወሰኑ ተብሎ ይነገራል። የመምህራኖቻችንን ጆሮ እዚህ ላይ እንፈልጋለን። ልጁ ስለ መንደሩ ተፈርዶበት ነበር፤ በወራት ውስጥም የተማረው እየጠፋ ሄደ። ቀጣዩ መፍትሔ ትምህርት ቤት መለወጥ ነበር።

በኖቬምበር 1831 ዮሐንስ ወደ ኪዬሪ ከተማ ሄደ። ከመሄዱ በፊት በየቤቱ እየዞረ ርዳታ ጠየቀ፤ የመንደሩ ሰዎች ካላቸው እህልና እንቁላል ሰጡት። እናቱም ጥቂት ጆንያ ዱቄትና በቆሎ አዘጋጁ፤ እርሱም በገበያ ተሸጦ ለመጻሕፍትና ለቀለብ ሊውል ነው። ሉቺያ ማታ በሚባሉ መበለት ቤት ሲያርፍ ክፍያውን የሚያቃልለው ውኃ በመቅዳት፥ እንጨት በመሸከምና ልጃቸውን በማስጠናት ነበር። ቁምስናውና ጎረቤቱ ለአንድ ልጅ ትምህርት ቤት መለወጥ ምን ሊያዋጣ እንደሚችል ከዚህ ይታያል፤ አንዱም ሰው ባለጠጋ አልነበረም።

በኪዬሪ ትምህርት ቤት ክፍሎቹ የሚቆጠሩት ከላይ ወደ ታች ነው፤ ስድስተኛው ዝቅተኛው ነበር። ዮሐንስ በ16 ዓመቱ በዚያ በስድስተኛው ክፍል፥ አሥርና አሥራ አንድ ዓመት ከሚሆናቸው ሕፃናት ጋር ተቀመጠ። ቁመቱ ከሁሉም በላይ ስለ ነበረ ዐይን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ፈተና ወስዶ ወደ አምስተኛው፥ በሌላ ሁለት ወር ወደ አራተኛው ተዛወረ፤ ሦስት ክፍሎችን በአንድ ዓመት ጨረሰ። የአራተኛው ክፍል መምህር ቺማ ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ በዓመቱ አጋማሽ የመጣውን ረጅም ተማሪ ሲያዩ ይህ ልጅ ወይ እጅግ ደነዝ ወይ እጅግ ብሩህ መሆን አለበት ብለው ጠረጠሩ። አንድ ቀን የቆርኔሌዎስ ኔፖስን የላቲን ታሪክ ሲያስረዱ ዮሐንስ መጽሐፉን ረስቶ መጥቶ ነበር። ይህ እንዳይታወቅበት ዶናቱሱን ገልጦ ያዘ። ተነሥቶ እንዲያነብ ሲታዘዝ ሰዋስዉን እያየ የኔፖስን ክፍል በቃሉ ከነማብራሪያው ወጣው። ክፍሉ በሣቅና በጭብጨባ ሲናወጥ መምህሩ ምክንያቱን ጠየቁ፤ እውነቱን ሲያውቁ ይቅር አሉት፤ ይህን ጸጋ በመልካም እንዲጠቀምበትም መከሩት።

ይህን ታሪክ ተማሪዎች ይወድዱታል፤ ከመጽሐፍ ይልቅ በቃል መያዝ ይበቃል ብለው እንዳይረዱት ግን ቅዱሱ ኋላ ስለ ራሱ የሰጠውን ፍርድ ማስከተል ይገባል። በኪዬሪ በነበረባቸው የኋለኞቹ ዓመታት ከአንድ አይሁዳዊ መጽሐፍ ሻጭ በጥቂት ሳንቲም መጻሕፍት እየተከራየ ሌሊቱን ሲያነብ ያነጋ ነበር፤ ኪኬሮን፥ ሳሉስትን፥ ሊቪዮስን፥ ቨርጂልን፥ ሆራስን ሁሉ አነበባቸው። ካህን ሆኖ እነዚያኑ መጻሕፍት ለሌሎች ማስረዳት ሲጀምር ግን በፍጥነት ካነበበው ብዙው እንዳልገባው፥ የአንድን ዐረፍተ ነገር ትክክለኛ ፍቺ ለማግኘት ረጅም ጊዜና ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ተረዳ። በሊቀ ጳጳሳት ፒዮስ ዘጠነኛ ትእዛዝ ስለ ሕይወቱ በጻፈው ማስታወሻ ይህን ሳይሸሽግ ተናግሯል። ላቲን የሚያስተምረው ትልቁ ነገርም ይኸው ይመስለናል። በላቲን ዐረፍተ ነገር ውስጥ ማን አድራጊ፥ ማን ተደራጊ እንደ ሆነ የሚታወቀው በቃሉ መድረሻ ስለ ሆነ፥ የቃሉን ጫፍ ሳያይ የሚቸኩል አንባቢ ነገሩን ገልብጦ ይረዳዋል። ቸኩሎ መፍረድን የሚከለክል ትምህርት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ወጣቱ ዮሐንስ በአረማውያኑ ሊቃውንት የቋንቋ ውበት እጅግ ተማርኮ ስለ ነበር የክርስቲያን ጸሐፊዎች ላቲን ዝቅ ያለና ጣዕም የሌለው ይመስለው ነበር። በዘርዐ ክህነት ሳለ ክርስቶስን መምሰል የተሰኘውን መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ይህ አሳቡ ተለወጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ በ1877፥ ለተማሪዎቹ የላቲን ክርስቲያን ጸሐፊዎችን የያዙ ተከታታይ መጻሕፍት ማሳተም ሲጀምር ይህ የራሱ ታሪክ ከበስተ ኋላው ነበር። ተማሪው ኪኬሮን እንዲያነብ አልከለከለም፤ ቅዱስ ሄሮኒሞስንም እንዲያውቅ ፈለገ እንጂ።

በኪዬሪ የቀሩት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። በአንድ ቡና ቤት እየሠራ፥ ከደረጃው በታች ከጣፋጭ መጋገሪያው ምድጃ በላይ ባለች ጠባብ ቦታ እየተኛ ተማረ። በኦክቶበር 1835 የክህነት ተማሪ ልብስ ለብሶ ወደ ኪዬሪ ዘርዐ ክህነት ገባ፤ ጁን 5 ቀን 1841 በቶሪኖ ክህነት ተቀበለ። ከእርሱ ቀደም ብሎ በፈረንሳይ ቅዱስ ዮሐንስ ማሪያ ቪያኔ በላቲን ድካም ከዘርዐ ክህነት ተሰናብቶ እንደ ነበር፥ የኤኩዪው ካህን አባ ባሌ በትዕግሥት ባያስተምሩት ኖሮ የአርስ ቁምስና ቅዱስ ካህኑን ባላገኘ ነበር። የቋንቋ ችሎታ የቅድስና መለኪያ አይደለም፤ ሁለቱም ግን ክህነት የደረሱት አንድ አረጋዊ ካህን የሰዋስው መጽሐፍ ይዞ አጠገባቸው ስለ ተቀመጠ ነው።

ዶን ቦስኮ ካህን ከሆነ በኋላ የአባ ካሎሶን ቦታ ያዘ። በቶሪኖ ጎዳናዎች ከገጠር ለቀን ሥራ የመጡትን ልጆች በየእሑዱ መሰብሰብ ከጀመረ፥ በ1846 ትንሣኤም በቫልዶኮ ቋሚ ቦታ ካገኘ በኋላ፥ ከመካከላቸው የሚማሩትን መምረጥ ጀመረ። ሚኬሌ ሩዋ ከእነዚህ አንዱ ነው። አባቱ በከተማይቱ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ልጁም ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው ሊቀጠር ነበር። ደመወዙ ለመበለቲቱ እናት የሚናቅ አልነበረም። ዶን ቦስኮ ግን እናቱን አነጋግሮ ልጁ ላቲን እንዲማር አስፈቀደ። ሩዋ ኋላ የዶን ቦስኮ የመጀመሪያ ተተኪ ሆኖ ማኅበሩን ከ1888 እስከ 1910 መርቷል።

የቶሪኖ ዘርዐ ክህነት በ1848 በፖለቲካው ሁከት ተዘግቶ ስለ ነበር የካህናት እጥረት ሥጋት ሆነ። ዶን ቦስኮ ከሠራተኞቹ ልጆች አራቱን መርጦ ራሱ ላቲን ያስተምራቸው ጀመር። ከመካከላቸው ዮሴፍ ቡዜቲ ግንበኛ ነበር። እጁ በኖራ የተላጠ ልጅ ከሰዋስው ጋር ታግሎ በፌብሩዋሪ 1851 ከጓደኞቹ ጋር የክህነት ተማሪ ልብስ ለበሰ። ክህነት ባይቀበልም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከዶን ቦስኮ ጎን አልተለየም፤ ድካሙ ከንቱ ነበር የሚለው ያለ አይመስለንም። ሌሎቹ ተማሪዎች በዚያ ጊዜ በከተማው ውስጥ የባለጠጎችን ልጆች ወደሚያስተምሩት ወደ መምህር ቦንዛኒኖና ወደ አባ ፒኮ ይላኩ ነበር፤ ሁለቱም ከዶን ቦስኮ ልጆች ክፍያ አልተቀበሉም።

በኦክቶበር 1854 መጀመሪያ ዶን ቦስኮ በትውልድ መንደሩ በቤኪ ሳለ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። ዶሚኒኮ ሳቪዮ ነበር። እርሱም በሙሪያልዶ ፊደል ቆጥሮ፥ በካስቴልኑኦቮ ትምህርት ቤት በየቀኑ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ እየተመላለሰ ተምሮ፥ ቤተሰቡ ሲዛወር ወደ ሞንዶኒዮ ትምህርት ቤት የተለወጠ ልጅ ነው። የሞንዶኒዮ መምህሩ አባ ኩሊዬሮ ከእርሳቸው ዘንድ አስቀርተው ሊያስተምሩት ሲችሉ፥ ልጁ ከዚያ የበለጠ ቦታ እንደሚያሻው ስላዩ ለዶን ቦስኮ ነገሩት። ተማሪን ለሌላ መምህር አሳልፎ መስጠት ከመልካም መምህር የሚጠበቅ ቢሆንም ብዙ ጊዜ አይታይም። ዶን ቦስኮ አንድ ገጽ ንባብ ሰጥቶ ለነገ እንዲይዘው ቢያዝዘው፥ ልጁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ በቃሉ ወጣው፤ ትርጉሙንም አስረዳ። ከ25 ዓመት በፊት በቡቲሊዬራ መንገድ ላይ የሆነው ነገር ለዶን ቦስኮ ሳይታወሰው አልቀረም ብለን እናስባለን።

ዶሚኒኮ ኦክቶበር 29 ቀን 1854 ወደ ቫልዶኮ ገብቶ ላቲኑን ከመምህር ቦንዛኒኖ ዘንድ ተማረ። ሆኖም ጤናው ደካማ ነበር። ማርች 1 ቀን 1857 ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ተላከ፤ ማርች 9 ቀን፥ 15 ዓመት ሳይሞላው፥ በሞንዶኒዮ ሞተ። የጀመረው ትምህርት አልተፈጸመም። በ1954 ቤተክርስቲያን ቅድስናውን ስታውጅ የተመለከተችው ልጁ በክፍል ውስጥም ሆነ በመጫወቻው ሜዳ እንዴት እንደ ኖረ እንጂ ስንት ክፍል እንደ ጨረሰ አልነበረም።

ዶን ቦስኮ ልጅን ሁሉ ወደ ላቲን አልገፋም። በ1853 የጫማና የልብስ ስፌት ክፍል ሲከፍት በካስቴልኑኦቮ በሮቤርቶ ቤት የተማረውን መርፌ ይዞ ራሱ አሳየ። መጽሐፍ መጠረዝ፥ አናጢነትና ማተሚያ ቤት ተከታትለው መጡ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሰዋስው የሚማሩና ሙያ የሚማሩ ልጆች አብረው ይጸልዩ፥ አብረው ይበሉ ነበር፤ ለሁሉም ከ1846 ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1856 ድረስ የሚያበስሉላቸውና ልብሳቸውን የሚጥፉላቸው እማማ ማርጋሪታ ነበሩ። ማን ወደ የትኛው ይሂድ የሚለውን ዶን ቦስኮ የሚወስነው ልጁን ካወቀው በኋላ ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ በተለይ ያሳሰቡት በዕድሜ የዘገዩት ነበሩ። በ16 ዓመቱ ከሕፃናት ጋር መቀመጥ ምን እንደሚመስል ያውቅ ስለ ነበር፥ በ1875 ገደማ ዕድሜያቸው የገፋ ወጣቶች ለብቻቸው በአጭር ጊዜ ላቲን ተምረው ወደ ክህነት የሚደርሱበትን ሥራ በእመቤታችን በማርያም ረዳኤተ ክርስቲያን ስም አቋቋመ። ወደዚያ ከገቡት አንዱ ፊሊጶ ሪናልዲ የተባለ የሉ መንደር ገበሬ ነው። ሪናልዲ በአሥር ዓመቱ በሚራቤሎ ወደሚገኘው የዶን ቦስኮ ትምህርት ቤት ገብቶ፥ ከአንድ ተቆጣጣሪ በደረሰበት በደል ተቀይሞ፥ ትምህርቱን ትቶ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ዶን ቦስኮ አልተቆጣውም፤ ደብዳቤ ከመጻፍ አላቋረጠም፤ ኋላም እስከ መንደሩ ድረስ ሄዶ አነጋገረው። በኖቬምበር 1877 የ21 ዓመቱ ገበሬ እርሻውን ትቶ በጄኖቫ አጠገብ ወዳለችው ሳምፒየርዳሬና ሄደና የላቲኑን ሰዋስው ከመጀመሪያው ጀመረ። በዲሴምበር 1882 ክህነት ተቀበለ። ዶን ቦስኮ ጃንዋሪ 31 ቀን 1888 በቫልዶኮ አረፈ፤ ሪናልዲ ደግሞ በ1922 ሦስተኛው ተተኪው ሆነ።